ቴሌቪዥን ያዳነው ቴአትር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ብዕር ያነሳሁት በቅርቡ ስለ መድረክ ቴአትር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው። ጸሐፊው ተውኔት ወደ ቴሌቪዥን ሲገባ ነፍሱ ይወጣል ይላሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። እኔም ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ተሰልፌ ያደግኩ ሰው ነኝ። በመድረክ ላይ አይቼ የወደድኩት ተውኔት በቴሌቪዥን ተቆራርጦ ሲቀርብ ተናድጄ አውቃለሁ። ግን ጥፋቱ የቴሌቪዥን ነው በሚለው አልስማማም። ቴሌቪዥን ያዳነው ቴአትር አውቃለሁና። ታሪኩ የምኖርበት ከተማ፣ የቺካጎ ነው። ከእኛም ጋር ዝምድና አለው።

ተውኔቱ «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» ይባላል። እኔ «ዘቢብ በፀሐይ» እያልኩ ልቀጥል። ርዕሱ ከጥቁር አሜሪካዊው ባለቅኔ ከላንግስተን ሂዩዝ ግጥም የተወሰደ ነው። ጸሐፊዋ ሎሬን ሃንስቤሪ የቺካጎ ልጅ ናት። ማርች 11 ቀን 1959 ኒውዮርክ፣ የአሜሪካ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ባሉበት ብሮድዌይ፣ ኤቴል ባሪሞር ቴአትር ቤት ተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሎሬን ያኔ 28 ዓመቷ ነበር። ከእሷ በፊት የአንዲትም ጥቁር ሴት ተውኔት ብሮድዌይ ላይ ታይቶ አያውቅም። አዘጋጁ ሎይድ ሪቻርድስም ጥቁር ነበር፤ በዚያ ዘመን ብሮድዌይ ላይ ይህም ብርቅ ነው። ተውኔቱ 530 ጊዜ ታየ። የኒውዮርክ የቴአትር ሐያስያን የዓመቱ ምርጥ ብለው ሸለሙት።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በቺካጎ ደቡብ፣ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሳውዝ ሳይድ፣ አምስት ሰው በአንድ ጠባብ አፓርታማ ይኖራል። እናትየው ሊና ያንገር፣ ልጇ ዋልተር ሊ፣ ሚስቱ ሩት፣ ትንሹ ልጃቸው ትራቪስ፣ እና የዋልተር እህት ቢኒታ። ትራቪስ የሚተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ጋር ይሻሙበታል። አባትየው ሞቷል። የሕይወት ኢንሹራንሱ 10,000 ዶላር በፖስታ ሊመጣ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ያንን ቼክ ይጠብቃል። እናት ፀሐይ የሚገባበት ቤት ትፈልጋለች። ቢኒታ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ዋልተር ደግሞ ከሁለት ሰዎች ጋር ተሻርኮ ሊከር ስቶር (የመጠጥ መሸጫ) መክፈት ይፈልጋል።

ዋልተር ሾፌር ነው። የአንድ ሀብታም ነጭ መኪና ይነዳል። እኔም ሾፌር ነኝ። ለዓመታት ታክሲ ነዳሁ፤ አሁን ከኦሄር አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። ስለዚህ ዋልተርን ሳየው ሙያዬን ነው የማየው። እናቱ ሳታማክረው የቤት ቅድሚያ ክፍያ ከፍላ ስትመጣ ሥራ መሄድ ይተዋል። የመጀመሪያውን ቀን በተዋሰው መኪና ከሳውዝ ቺካጎ አልፎ ሄዶ የብረት ፋብሪካዎቹን ሲያይ ይውላል። በማግስቱ ወደ ሰሜን ይነዳና እርሻ ሲያይ ይውላል። በሦስተኛው ቀን መኪናም የለውም። በእግሩ ሲዞር ውሎ 39ኛው ጎዳና ከሳውዝ ፓርክዌይ የሚገናኝበት ጋ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። መስቀለኛውን በደንብ አውቀዋለሁ። ሳውዝ ፓርክዌይ ከ1968 ጀምሮ የማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ነው የሚባለው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲነዳ የሚውል ሰው ሲከፋው ምን ያደርጋል? ለራሱ ይነዳል። እኔም ሲከፋኝ በሐይቁ ዳር የሚሄደውን ጎዳና፣ ሌክ ሾር ድራይቭን ይዤ ያለ መንገደኛ እስከ ደቡብ ጫፍ የሄድኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ሎሬን ይህን ከየት እንዳወቀችው እግዜር ይወቅ። የሾፌር ልጅ አልነበረችም። አባቷ ቤት የሚሸጥ የሚያከራይ፣ የደላው ሰው ነበር።

እማማ ሊና ልጇ እንዲህ ሲሆን አንጀቷ አይችልም። ለቤቱ 3,500 ዶላር ከፍላለች። የቀረውን 6,500 ለእሱ ትሰጠዋለች። ከዚያ ውስጥ 3,000ው ለቢኒታ ትምህርት ባንክ እንዲገባ፣ የተረፈውን እሱ እንዲያዝበት ነው። ዋልተር ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ዊሊ ሃሪስ ለሚባል ሽርካው ያስረክባል። ዊሊ ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል። ይህን የሚነግረው ሦስተኛው ሽርካ ቦቦ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ነገሩን መናገር እያቃተው ይገባል።

ይህን ክፍል ኤጅዋተር ሰፈር ባለው ቤቴ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሆኜ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ቡና አፍልታልን ነበር። ሁላችንም ሾፌሮች ነን። ከመካከላችን አንዱ ዕቁብ ወጥቶለት ገንዘቡን በሙሉ ለሽርካው ሰጥቶ፣ ሽርካው ስልኩን ዘግቶ የጠፋበት ሰው ነው። የእሱም ጉዳይ የሊከር ስቶር ነበር። ቦቦ ሲገባ ማንም ወደ እሱ ዞር ብሎ አላየም። ዋልተር መሬት ላይ ወድቆ ያ ገንዘብ ከአባቱ ሥጋ የተሠራ ነው ብሎ ሲጮህ፣ ያ ወንድማችን ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ይህን የጻፈው ሰው በሕይወት ካለ ላናግረው እፈልጋለሁ አለ። ሎሬን በ1965 በካንሰር እንደሞተች፣ ገና 34 ዓመቷ እንደነበር ነገርኩት። ዝም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የዚያን ምሽት ያየነው በ1989 የተሠራውን የቴሌቪዥን ቅጂ ነው። ለዚህ ቅጂ ነው የምከራከረው።

እማማ ሊና የገዛችው ቤት ክላይቦርን ፓርክ በሚባል የነጮች ሰፈር ነው። ርካሽ ስለሆነ ነው የገዛችው። ሰፈሩ ካርል ሊንድነር የሚባል ሰው ይልካል። ሊንድነር አይጮህም፣ አይሳደብም። የሰፈሩ ማሻሻያ ማኅበር ተወካይ ነው። በጣም በትሕትና፣ ቤቱን ከገዛችሁበት አስበልጠን እንግዛችሁና አትምጡብን ይላል። ሎሬን ይህን ከምናቧ አላመጣችውም። በ1937 አባቷ ካርል ሃንስቤሪ በሳውዝ ሮድስ ጎዳና ቁጥር 6140 ላይ ቤት ገዛ። ሰፈሩ ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም የሚል ውል የተፈራረመ ነበር። ነጮቹ ቤቱን ከበቡ። ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ ትንሿን ሎሬንን ለጥቂት ሳታት። አባት አገር አቋርጦ ሲከራከር፣ እናት ሌሊት ሌሊት ሽጉጥ ይዛ ልጆቿን ትጠብቅ ነበር።

ክሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1940 ሃንስቤሪዎች አሸነፉ። ግን ያሸነፉት በቀጭን ቀዳዳ ነው። ውሉ እንዲጸና ከባለይዞታዎቹ 95 በመቶው መፈረም ነበረበት፤ የፈረመው ግን 54 በመቶ ገደማ ነበር። ቀደም ሲል በሌላ ክስ ውሉ እንደተሟላ ተቆጥሮ ተፈርዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሃንስቤሪዎች በዚያ ክስ ውስጥ ስላልነበሩ ያ ፍርድ አይገዛቸውም አለ። ውሉ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም አላለም። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ የተከለከለው ከስምንት ዓመት በኋላ በሌላ ክስ ነው። አባትየው ያንን ቀን ሳያይ በ1946 ሜክሲኮ ሞተ። ቤተሰቡን ወደዚያ ለማዛወር እያሰበ ነበር። ቤቱ ግን ዛሬም አለ። ቺካጎ በ2010 በቅርስነት መዝግቦታል። ወደዚያ የሚያደርስ ጉዞ ሲደርሰኝ በሮድስ በኩል አልፋለሁ። ተራ የጡብ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። በተውኔቱ መጨረሻ ያንገሮች የሊንድነርን ገንዘብ አንፈልግም ብለው ዕቃቸውን ሸክፈው ይወጣሉ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ደስ ብሎት ከአዳራሽ ወጣ። መልካም ፍጻሜ ነው የሚሉ ሐያስያንም ነበሩ። ሎሬን ይህ ያናድዳት ነበር። መልካም ፍጻሜ ነው የሚል ሰው እነሱ ወደሚሄዱበት ሰፈር ሄዶ ይኑርና ይየው ብላ መልሳለች። ተመልካቹን ያሳሳተው ግን ከተውኔቱ የተቆረጠ ነገር መኖሩ ይመስለኛል።

የተቆረጠችው ወይዘሮ ጆንሰን ናት። ጎረቤት ናት፤ ያችው መታጠቢያ ቤቱን የምትሻማው። ቡናና ፓይ ፍለጋ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ አትነሳም። ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። በእጇ ግን ጋዜጣ ይዛለች። ነጮች ሰፈር የገባ የአንድ ጥቁር ቤተሰብ ቤት በቦምብ መመታቱ ተጽፎበታል። በሚቀጥለው ወር የእናንተም ስም እዚህ ይወጣል እያለች፣ ፓይዋን እየበላች ትናገራለች። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት የማያውቅ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ሊያጽናና መጥቶ አስፈራርቶ የሚሄድ። እና ይህች ሴት ከሌለች ተመልካቹ ቦምቡን አያስታውስም። ያንገሮች ወደ አደጋ እየሄዱ መሆናቸው ይቀራል፤ ወደ ቆንጆ ቤት መሄዳቸው ብቻ ይታያል።

በ1959 ቆረጧት። ተውኔቱ ረዘመ ተባለ። ጸሐፊዋ ጀማሪ ናት፤ ገንዘብ ማግኘቱ ራሱ ጭንቅ ነበር። ሌላም ትዕይንት አብሮ ቀረ። ቢኒታ ናይጄሪያዊው ጓደኛዋ አሳጋይ ስለ ጸጉሯ የተናገራት ገብቷት፣ መተኮሱን ትታ አሳጥራ በተፈጥሮው ለቃው የምትወጣበት ነው። ያኔ የአሜሪካ መድረክ ላይ ይህን ማሳየት ቀላል አልነበረም። ከመክፈቻው በፊት ወጣ። የእኔ ትልቋ ልጅ ተውኔቱን ትምህርት ቤት አንብባ ቤት ያመጣችው ያንን ገጽ አጥፋ ነው። በዚያው ሰሞን ጸጉሯን መተኮስ ተወች። እናቷ አልወደደችውም ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

በ1961 ፊልም ሆነ። የሲኒማውን ጽሑፍ ሎሬን ራሷ ጻፈችው። ከአፓርታማው ወጥታ ከተማውን፣ ሱቁን፣ የቀን ተቀን ንቀቱን የሚያሳዩ አዳዲስ ትዕይንቶች ጨመረች። ኩባንያው አብዛኛውን ቆረጠው። ሲድኒ ፖይቲየር፣ ክላውዲያ ማክኒል፣ ሩቢ ዲ እና ዲያና ሳንድስ ከመድረኩ መጥተው ተጫውተውበታል። ትወናው ግሩም ነው፤ ዛሬም ይታያል። ሆኖም ወይዘሮ ጆንሰን የለችም። የቢኒታም ጸጉር የለም።

በነገራችን ላይ ቴሌቪዥንም መጀመሪያ ላይ ሎሬንን በጎ አላያትም። በ1960 ኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ባርነት የቴሌቪዥን ድራማ እንድትጽፍ ጠየቃት። ጻፈች። መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ አንድም ቀን አልተቀረጸም። ስለዚህ ቴሌቪዥን ሁልጊዜ ደግ ነው አልልም። የምለው፣ በ1989 ደግ ሆኖ ተገኘ ነው።

በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ ፒቢኤስ፣ «አሜሪካን ፕሌይሃውስ» በሚባለው ፕሮግራሙ አሳየው። አዘጋጁ ቢል ዱክ ነው። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቀረው። ማስታወቂያ የለውም። ወይዘሮ ጆንሰን ተመለሰች። የቢኒታ ጸጉር ተመለሰ። ካሜራው ከአፓርታማው ለመውጣት አይቸኩልም። ይህ ነው ጸሐፊያችሁ እንዲያስቡልኝ የምፈልገው። ተውኔቱ ስለ አንድ ጠባብ ቤት ነው። በትልቅ አዳራሽ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠ ሰው ያ ቤት ሰፊ መስሎ ይታየዋል። በቴሌቪዥን ግን ግድግዳው ያፍናል። አንድ ሰው ብረት ምጣድ ሲያነሳ ሌላው መንገድ መልቀቅ አለበት። ሩት እንቁላል እየጠበሰች ፊቷን ሳታዞር ለባሏ ስትመልስ፣ ጀርባዋ ሲናገር ይታያል። ከመድረክ ይህ አይደርሰኝም ነበር።

እማማ ሊናን የተጫወተችው ኤስተር ሮል ናት። አሜሪካኖች በቴሌቪዥን ኮሜዲ እናት ሆና ለዓመታት አይተዋታል። እዚህ ግን የሳቁን በር ዘግታዋለች። ገንዘቡ መጥፋቱን ስትሰማ መጀመሪያ ልጇን በእጇ ትመታዋለች። ከዚያ ባሏን ታስታውሳለች። ማታ ማታ ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ፣ ገና አርባ ሳይሞላው እንዴት እንዳረጀ። በመድረክ ቢሆን ይህ ንግግር ለአዳራሹ ሁሉ መጮህ አለበት። እሷ ግን ለራሷ ነው የምታወራው። ካሜራው ቀርቧታል፤ ጩኸት አያስፈልጋትም። ዋልተርን የሠራው ዳኒ ግሎቨር ነው፤ ያን ጊዜ የድርጊት ፊልም ኮከብ ሆኖ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው። ከዚያ ሶፋና ከዚያ ጠረጴዛ መሃል አልገባ ብሎ ሲንቆራጠጥ ማየት ራሱ ታሪክ ይነግራል። ለሊንድነር ተንበርክኮ ገንዘብ ለመቀበል ቤተሰቡ ፊት የሚለማመድበት ቦታ አለ። አንዳንዶች ዳኒ ግሎቨር እዚያ አበዛው ይላሉ። እኔ አልመሰለኝም። ራሱን የሚያዋርድ ሰው መጠን አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ሊንድነር ነው። ጆን ፊድለር ይባላል ተዋናዩ። በ1959 መድረክ ላይ ሊንድነርን የተጫወተው እሱ ነው። በ1961 ፊልም ላይም እሱ ነው። በ1989 ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ አርጅቶ፣ ያችኑ በር አንኳኩቶ ገባ። ድምፁ ቀጭንና ልስልስ ነው። ልጆች ያሉት ወላጅ ያውቀዋል፤ በዊኒ ዘ ፑ ካርቱን የትንሿ አሳማ የፒግሌት ድምፅ እሱ ነበር። በዚያ ድምፅ አትምጡብን ይላል። አንድ ተዋናይ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር እንዲህ ሲያረጅ በቴሌቪዥን ተቀርጾ መቅረቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ሊንድነር አሁንም በሩ ላይ ነው።

የ2008ቱም አለ። ኤቢሲ ያሳየው ነው። አዘጋጁ ኬኒ ሊዮን በ2004 ብሮድዌይ ላይ ያዘጋጀውን ከነተዋንያኑ ወስዶ ሠራው። ፊሊሺያ ራሻድ እናት ናት። ለዚህ ሚና በ2004 ቶኒ የተባለውን ሽልማት ስትወስድ፣ በተውኔት ምርጥ መሪ ተዋናይት ተብላ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ኦድራ ማክዶናልድ ሩትን ሆና ስትሠራ ማየት ብቻውን ያጠግባል። ልጆቼ ይህን ይመርጣሉ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ፍጥነት አለው። ከ1989ኙ ግን አርባ ደቂቃ ያህል ያጥራል። ንግድ ጣቢያ ነው፤ ማስታወቂያ አለበት። ካሜራው ቶሎ ቶሎ ደጅ ይወጣል፤ ሙዚቃው ደግሞ ማልቀስ ያለብንን ቦታ ይጠቁመናል። ያ አፈና የለም። ጸሐፊያችሁ ቴሌቪዥን ቴአትርን ይቆራርጣል ሲሉ እንዲህ ያለውን አስበው ከሆነ በከፊል እስማማለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ቴሌቪዥን ናቸው። ልዩነቱ የተሰጣቸው ጊዜ ነው፤ ጽሑፉንም ማመን ነው።

አሁን ከእኛ ጋር ስላለው ዝምድና። በሁለተኛው ገቢር ቢኒታ አሳጋይ የሰጣትን የናይጄሪያ ልብስ ለብሳ ትጨፍራለች። ዋልተር ጠጥቶ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። የጦር አለቃ ይሆናል። ኢትዮጵያ እጆቿን ዳግም ትዘረጋለች ብሎም ይጮኻል። ቤቴ ያሉት ሾፌሮች ብድግ አሉ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙረ ዳዊት ከእኛ ማን የማያውቅ አለ? ጥቁር አሜሪካውያን ይህን ጥቅስ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል። ሎሬን ደግሞ ቤቷ ውስጥ ሌላም ምክንያት ነበራት። የአባቷ ወንድም ፕሮፌሰር ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ናቸው። ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ያውም አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ጊዜ። በ1934 እዚያው ሕክምና ይማር ከነበረው ከመላኩ በያን ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት የሚባል ማኅበር መሠረቱ። የጣልያን ወረራ ደጅ ላይ ነበር። በ1964 ፕሮፌሰሩ አዲስ አበባ መጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል። አሳጋይን የመሰለ አፍሪካዊ ተማሪ አሜሪካ መድረክ ላይ እንደ ሙሉ ሰው፣ እንደ ተማረ ሰው ቆሞ የታየው እንዲህ ካለ ቤተሰብ ስለወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በሲኒማው ያን ዘመን አፍሪካዊ ሲታይ ከበሮና ጦር ይዞ ነበር። ሎሬን ጦሩን ለሰከረው አሜሪካዊ ለዋልተር ሰጠችው፤ ለአሳጋይ ንግግሩን።

ይህ ደብዳቤ ረዘመባችሁ። ግን አገር ቤትም ውጭም ላሉ የአማርኛ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማለት የምፈልገው አለ። መድረክ ላይ ያለ ጥሩ ተውኔት ስታገኙ ሙሉውን ቅረጹት። በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ደቂቃ አድርጋችሁ አትከታትፉት። አዳራሹን ከሩቅ በአንድ ካሜራ አንስታችሁም አትተዉት፤ ያ የስብሰባ ቀረጻ ነው። ተዋንያኑን ቤት ውስጥ አስገቧቸው፣ ካሜራውን አቅርቡ፣ ጊዜ ስጡ። ከመድረክ የቀረ ትዕይንት ካለ ጸሐፊውን ጠይቁና መልሱት። አንጋፋ ተዋንያኖቻችን በሕይወት እያሉ ነው ይህ መደረግ ያለበት። ስንቱን ድምፅ በወሬ ብቻ ነው የምናስታውሰው። ልጆቼ ኤስተር ሮልን አይተዋታል፤ እኔ በልጅነቴ ብሔራዊ ቴአትር ያየኋቸውን ሴቶች ግን ላሳያቸው አልችልም። ምን እንደነበሩ በቃል ለማስረዳት ስሞክር ይታክተኛል።

እኛም እዚህ የአቅማችንን ጀምረናል። ሁለተኛውን ገቢር ወደ አማርኛ መልሰን ከሾፌሮቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ እናነበዋለን። ለሕዝብ ማቅረብ ከፈለግን የባለመብቶቹን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ስለሆነ ለጊዜው ለራሳችን ነው። ዕቁቡን የተበላው ወንድማችን ዋልተርን ካላነበብኩ ብሎ ወስዶታል። ቢኒታን ልጄ ታነባለች። የወይዘሮ ጆንሰንን ድርሻ ባለቤቴ ይዛዋለች፤ ፓይ በሚለው ቦታ ዳቦ አስገብታለች። እማማ ሊናን የምታነብልን ግን አላገኘንም። በዕድሜ ስድሳን የተሻገረች፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ ቺካጎ ወይም በአካባቢው የምትኖር እናት ካለች በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ትጻፍልን። መንዳት ባትችል እኛ ከቤቷ ወስደን እንመልሳታለን።

አንባቢያችሁ፣
ከቺካጎ፣ ኤጅዋተር